የማንዛኖ ልጆች

ሆምስቴድ፣ ነሐሴ። ከክሮም ጎዳና ታጥፌ፣
የአቮካዶውን ረድፍ፣ የቦዩን ድልድይ አልፌ፣
ከዩሴቢዮ ደጅ ቆምኩኝ በማለዳ፣
አካፋና ብልቃጥ ይዤ እንደ ባዳ።

ማንዛኖ ይሉታል፤ አጭር ሙዝ፣ ድብልብል፣
ሲበስል ምላስ ላይ ፖም ፖም የሚል።
ሌላውን ዩሴቢዮ ከሙዝ አይቆጥረውም፤
በነጻ ቢያገኘው ለዶሮ አይሰጠውም።

ቅጠሉ ከዳር ቢጫ፣ አንገቱ ተሰብሮ፣
እንደ አሮጌ ቀሚስ ከግንዱ ወገብ ታስሮ።
«ውኃ ጠምቶት ነው» አለኝ ቱቦውን እየጎተተ።
ውኃው ከእግሩ ሥር ነበር፤ ጉሮሮው ነው የሞተ።

ገጀራውን ተቀብዬ ግንዱን ሸረከትኩት፤
ነጭ መሆን ሲገባው ቀይ ክር አየሁበት፣
ክብ የሠራ፣ ነጠብጣብ፣ ልክ እንደ ዝገት።
አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም አይሸትም።
ሞት ሁልጊዜ አይገማም።

«መድኃኒቱስ?»
«የለም።»
«ብነቅለው?»
«ይቆያል።»
«ባቃጥለው?»
«የላዩ ይነድዳል፣ የታቹ ይተርፋል።»
«ስንት ዓመት?»
ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩና ተውኩ፤
ለሰማንያ ዓመት ሰው «ሠላሳ» ማለት አፈርኩ።

ይተኛል። ወፍራም ቆዳ ለብሶ ይተኛል፣
ከተፈጨው ነጭ ድንጋይ መሃል።
እህል አይለምንም፣ ዝናብ አይናፍቀው፣
ሙዝ ያልበቀለበት ዘመን ለእሱ አንድ ሌሊት ነው።
ሙዙ ቢነቀል ከሣር ሥር ይጠጋል፤
ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ሳያውቅ እንግዳ ያሳድራል።
ታዲያ አንድ ቀን አንድ ለጋ ሥር በአጠገቡ ሲያልፍ፣
የሥሩ ላብ ሲነካው፣ ያኔ ነው የሚነቃ ከእንቅልፍ።

ሽማግሌው ዝም አለ። ቱቦው መሬት ላይ ይፈስሳል።
ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።
«ልጆቹን ሰጥቻለሁ» አለ።

ሙዝ በልጁ ነው የሚዋለደው፤ ከእናቱ እግር ሥር
ብቅ ይላል፤ በገጀራ ለይቶ ለጎረቤት መስጠት የሰፈሩ ነገር።
አንዱን ለማሪቤል፣ ልጇን የዳረች ጊዜ፤
ሁለቱን ለፍሎሪያኖ፣ ጣሪያውን ነፋስ ሲወስድበት፤
አንዱን ለኔሬይዳ፣ ባሏ በተቀበረ ሳምንት፤
አንዱን ለዲውዶኔ፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ በጣት፤
አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ አትክልተኛ፤ ሌላም፣ ስሙ የጠፋበት።
«ከነአፈሩ» አለ። «ሥሩ እንዳይደነግጥ ብዬ፣
ከነአፈሩ፣ በጆንያ ጠቅልዬ።»

በኔ ቋንቋ ለሞተ ሰው «አፈሩ ይቅለለው» ይባላል።
ይህን አፈር ግን ምን ያቀልለዋል?
እፍኝ ይዤ ብልቃጤን ሞላሁ፤
ክዳኑን ሳጠብቀው ጫማዬን አየሁ።

በመጋቢት ወር እዚህ ነበርኩ፣
ከፍሎሪያኖ እርሻ በቀጥታ መጣሁ፤
ምሳ ሰዓት አልፎብኝ ነበር፣
አካፋዬን በሱሪዬ ጠረግሁ።
እንግዲህ ማን ለማን ሰጠ? የእሱ ስጦታ ነው ወደዚያ የሄደው፣
ወይስ በእኔ ተረከዝ ተመልሶ የመጣው?
ብልቃጡ ይህን አይናገርም።
እኔም አልተናገርኩም።

በሩ ላይ ባልዲ አስቀመጥኩ፣ ብሩሽና በረኪና፤
ከጫማዬ ጥርስ መሃል ነጩን ጭቃ በቢላ ፈለቀቅሁና፣
ፈተግሁ፤ ደግሜ ፈተግሁ።
ዩሴቢዮ ቆሞ ያየኛል፤ እጁ ወገቡ ላይ።
«ሲገቡ ነው ወይስ ሲወጡ የሚታጠበው፣ ጎበዝ?» አለኝ።

ስድስት ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ከደረት ኪሴ ከተትኩ፤
ንጹሕ ጫማዬን አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ።

የማሪቤል ደጅ ስደርስ ነው
ጎማውን ያየሁት።